ካንባንና ስክረም፦ ብዙ ሆነን በምንሠራበት ቤት ሥራው እንዳይደራረብብን

በአቡ ዳቢም ሆነ በአል አይን ትልልቅ ቪላዎች ብዙ ጊዜ አንዲት ሴት ብቻዋን አትሠራም። አንዷ ታበስላለች፣ አንዷ ልጅ ትይዛለች፣ አንዷ ታጸዳለች፣ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። ሁሉም ከጠዋት እስከ ማታ ይሮጣል። ማታ ላይ ግን ግማሹ ልብስ አልተተኮሰም፣ የመጅሊሱ ምንጣፍ ግማሹ ተጠርጎ ግማሹ ቀርቷል፣ አንዱን መታጠቢያ ቤት ሁለት ሰው አጽድቶታል፣ ሌላውን ማንም አላየውም። ከዚያ "እኔ እኮ አንቺ የሠራሽው መስሎኝ ነው" የሚል ጭቅጭቅ ይመጣል። ማዳም ደግሞ "ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?" ትላለች።

ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ስንፍና አይደለም። ሥራው ስለማይታይ ነው። ማን ምን እንደያዘ፣ ምን እንደተጀመረ፣ ምን እንደቀረ በየሰዉ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው ያለው። ፋብሪካዎችና የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠሩ ድርጅቶች ለዚህ ሁለት ዘዴ አላቸው። አንዱ ካንባን ይባላል፣ ሌላው ስክረም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ እኛ ለምንሠራበት ቤትም ይሆናሉ። ወጪያቸው ወረቀት፣ እስክሪብቶና ፕላስተር ብቻ ነው።

ካንባን ምንድን ነው?

ካንባን የጃፓንኛ ቃል ነው፤ ምልክት ወይም ሰሌዳ ማለት ነው። ዘዴውን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያመጣው የቶዮታ መኪና ፋብሪካ መሐንዲስ ታይቺ ኦኖ ነው። ሐሳቡን የወሰደው ከአሜሪካ ሱፐርማርኬት ነው። ሉሉ ወይም ካርፎር ስትገቢ ያለውን አስቢ። ደንበኛ ወተት ሲያነሳ መደርደሪያው ላይ ባዶ ቦታ ይታያል፣ ሠራተኛው የተነሳውን ያህል አምጥቶ ይተካል። ቦታ ሳይኖር መቶ ካርቶን አይቆልልም። ኦኖም ፋብሪካው ውስጥ እንደዚያ አደረገ፤ የሚቀጥለው ሠራተኛ የሚፈልገውን በካርድ ይጠይቃል፣ ካርድ ካልመጣ ከእሱ በፊት ያለው ትርፍ አይሠራም።

አገር ቤት እያለሽ "ካይዘን" የሚለውን ቃል ሰምተሽ ይሆናል። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ወዲህ በየፋብሪካውና በየመሥሪያ ቤቱ የሚባለው ነው። ካንባንም ከዚያው ከጃፓን ፋብሪካ የመጣ ዘመዱ ነው። ለእኛ የሚጠቅመን ሁለት ሕጉ ነው፦ ሥራው ለሁሉም ይታይ፤ በአንድ ጊዜ የሚጀመር ሥራ ገደብ ይኑረው።

ስክረምስ?

ስክረም የሚለው ስም ከራግቢ ጨዋታ የመጣ ነው። ተጫዋቾቹ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው አንድ ላይ የሚገፉበት ነው። ሂሮታካ ታኬውቺና ኢኩጂሮ ኖናካ የሚባሉ ሁለት ጃፓናውያን ምሁራን በ1986 እ.ኤ.አ. በጻፉት ጽሑፍ ጥሩ የሥራ ቡድንን በዚህ ጨዋታ መሰሉት። በ1995 ደግሞ ጄፍ ሰዘርላንድና ኬን ሽዋበር የሚባሉ አሜሪካውያን ስክረምን የኮምፒውተር ፕሮግራም መሥሪያ ዘዴ አድርገው ለሕዝብ አቀረቡት።

በስክረም ሥራ በአጭር በአጭር ዙር ይከፈላል። ዙሩ ስፕሪንት ይባላል፣ ከአንድ ወር አይበልጥም። ሲጀመር ቡድኑ ተቀምጦ "በዚህ ዙር ይህንን እንጨርሳለን" ብሎ ያቅዳል። በየቀኑ ከ15 ደቂቃ ያልበለጠ ንግግር አለ። መጨረሻ ላይ ያለቀው ሥራ ይታያል፤ ከዚያ "እንዴት ሠራን? ምን እንቀይር?" ተብሎ ይነጋገራሉ።

ለምን ሁለቱም?

ስክረምን ብቻ ብትይዢ፣ ሰኞ ያቀድሽው ማክሰኞ ይፈርሳል። ቤት ነዋ! እንግዳ ሳይነገር ይመጣል፣ ልጅ ይታመማል። ካንባንን ብቻ ብትይዢ ደግሞ ሥራው እንደ ቧንቧ ውኃ ሲወርድ ይውላል፤ "ይሄ ሳምንት አለቀ፣ እስኪ ቁጭ ብለን እንነጋገር" የሚያሰኝ ቀን የለውም። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ቀላቀሏቸው። ኮሪ ላዳስ የሚባል ባለሙያ በ2009 እ.ኤ.አ. ስለዚህ መጽሐፍ ሲያወጣ ስሙን "ስክረምባን" ብሎታል። ከስክረም የሳምንቱ እቅድና ንግግር ይወሰዳል፣ ከካንባን ደግሞ ሰሌዳውና ገደቡ።

ሰሌዳውን መሥራት

በመጀመሪያ ማዳምን አስፈቅጂ። ቦታው እንግዳ የማያየው ይሁን፤ የልብስ ማጠቢያ ክፍል በር ወይም የዕቃ ቤት ግድግዳ ጥሩ ነው። በፕላስተር ሦስት ቦታ ክፈይው፦ "የሚሠራ"፣ "በእጅ ያለ"፣ "ያለቀ"።

በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ሥራ ብቻ ይጻፍ። "ጽዳት" ብለሽ አትጻፊ፣ ጽዳት መጨረሻ የለውም። "የላይኛው ፎቅ ሁለት መታጠቢያ ቤት" ብለሽ ጻፊ። አብራሽ የምትሠራው ፊሊፒናዊት፣ ሕንዳዊት ወይም ኢንዶኔዥያዊት ልትሆን ትችላለች፤ አማርኛ አታነብም፣ አንቺም የእሷን አታነቢም። ስለዚህ ሥዕል ሣሉበት። ካውያ፣ ባልዲ፣ ድስት፣ የልጅ ጡጦ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቀለም ስጡ። ቋንቋ ባይገናኝ ሥዕልና ቀለም ይገናኛል።

"ያለቀ" ማለት ምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ልብስ አለቀ የሚባለው ታጥቦ ሲሰጣ ነው ወይስ ተተኩሶ ቁም ሳጥን ሲገባ? ግማሹ ጭቅጭቅ የሚመጣው ከዚህ ነው። አንዷ "ጨርሻለሁ" ስትል ሌላዋ ገና ቅርጫት ውስጥ ታየዋለች።

ገደቡ፣ ዋናው ነገር

ለአንድ ሰው "በእጅ ያለ" ውስጥ አንድ ሥራ ብቻ ይሁን። ማሽን የሚሠራው ካለ፣ ለምሳሌ ልብስ እየታጠበ ከሆነ፣ አንድ ይጨመር። ከዚያ በላይ አይሁን። ለምን?

እያንዳንዳቸው ግማሽ ሰዓት የሚፈጁ አራት ሥራዎች አሉሽ እንበል። አንድ በአንድ ብትሠሪ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለቱ አልቀዋል። አራቱንም ጀምረሽ ከአንዱ ወደ አንዱ ብትዘዋወሪ ግን በዚያው አንድ ሰዓት አራቱም ግማሽ ላይ ናቸው፣ አንድም ያለቀ የለም። በዚያ ሰዓት ብትጠሪ ማዳም የምታየው አራት የተበታተነ ነገር ነው። የደከምሽው ድካም ያው ነው፣ የሚታየው ግን ለየቅል ነው።

ገጠር ያደገች ይህንን በደቦ ታውቀዋለች። ደቦ የወጣ ሰው የአምስት ሰው ማሳ በአንድ ጊዜ አይጀምርም። የአንዱን አጭዶ ይጨርስና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። በቤትም አንዷ ሥራዋን ስትጨርስ አዲስ ከመጀመሯ በፊት "በእጅ ያለ" የሚለውን ትይ፤ የከበዳት ካለች መጀመሪያ እሷን ታግዝ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ።

አንድ ነገር አትርሺ፦ ልጅ መጠበቅ ራሱ ሥራ ነው። ሕፃን የያዘች ሴት ገደቧ ሞልቷል። "ልጁን እያየሽ ይህችን ተኩሺ" ሲባል ካውያው የጋለ ነው፣ ልጁም ይድሃል። ስለዚህ የልጅ ጥበቃ ካርድ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ፤ እሱ ባለበት ቀለም ላይ ሌላ ካርድ አይጨመር።

ድንገት ለሚመጣ ሥራ ከላይ አንድ መስመር ተዪለት፣ በቀይ። እዚያ በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ይገባል። እንግዳ መጣ፣ ካርዱ ቀይ መስመር ላይ ይወጣል፣ አንዷ የያዘችውን ወደ "የሚሠራ" መልሳ እሱን ትይዛለች። የተመለሰው ሥራ ይታያል፤ ተረስቶ ሳይሆን በምክንያት እንደቆመ ሁሉም ያውቃል።

ሳምንቱ፣ ከአቡ ዳቢ አል አይን

ብዙ ቤተሰብ ሥራና ትምህርት ስላለ ከሰኞ እስከ ዓርብ አቡ ዳቢ፣ ካሊፋ ሲቲ ወይም ሻሃማ ይቀመጣል፤ ዓርብ ከሰዓት አል አይን ወደ ትልቁ ቤት፣ ወደ ሂሊ ወይም ጂሚ ይሄዳል። መንገዱ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ነው። ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥት የዕረፍት ቀን ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ፣ ዓርብም ግማሽ ቀን ስለሚሠራ፣ ሳምንቱ ራሱ ዙር ሠርቶልሻል።

ሰኞ ጠዋት 20 ደቂቃ ተቀመጡና የሳምንቱን ካርዶች አውጡ። በአቅማችሁ ልክ አውጡ፣ ለድንገተኛው ቦታ ይቅር። ከሁሉም በፊት የየሰዉ የዕረፍት ቀን ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ። በየቀኑ ቡና ወይም ሻይ ላይ 10 ደቂቃ ሰሌዳውን አንብቡ። ስታነቡ ከመጨረሻው ጀምሩ፤ ለማለቅ የቀረበው ይቅደም፣ አዲስ ይቆይ። ዓርብ ሻንጣ ከመታሰሩ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ምን ጥሩ ሄደ? ምን አስቸገረን? ለሚቀጥለው ሳምንት የትኛውን አንድ ነገር እንቀይር? አንድ ብቻ። አምስት ነገር ልቀይር ያለ አንዱንም አይቀይርም።

አል አይን ስትደርሱ እቅዱን ተዉት። እዚያ ወንድምና እህት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ይሰበሰባል፣ ከየቤቱ የመጡ ሠራተኞችም በአንድ ኩሽና ይገናኛሉ። ማን ማንን እንደሚያዝ አይታወቅም። እዚያ ካንባኑን ብቻ ያዙ። ፍሪጅ ላይ ሦስት መስመር፣ ለሰው አንድ ካርድ። አዲስ የመጣችዋ ልጅ እንኳ ሳትጠይቅ ያልተያዘውን ታነሳለች። ሁሉም ሳህን ላይ ተረባርቦ ግቢውን አንዷ ብቻዋን የምታጥብበት ነገር ይቀራል።

ማዳም ስታዝ

ሰሌዳውን ለማዳም አሳዪያት። እምቢ ለማለት ሳይሆን ቅደም ተከተሉን እሷ እንድትመርጥ ነው። አዲስ ሥራ ስታመጣ ሁለቱን ካርድ ይዘሽ "ማዳም፣ ሀዛ አወል ወላ ሀዛክ?" በያት። ይሄ ይቅደም ወይስ ያ ማለት ነው። ቁጥርም ይረዳል። በሰዓት 15 ልብስ የምትተኩሺ ከሆነና ቅርጫቱ ውስጥ 60 ካለ፣ አራት ሰዓት ነው። "ብዙ ነው" ከምትይ "አራት ሰዓት ይፈጃል" ብትይ ትሰማሻለች። ብዙ ማዳም የማታየውን ሥራ ነው የምታዝዘው፤ ስታየው አንዳንዱን ራሷ "ለነገ ይቆይ" ትላለች።

ካርዱን እህቶችሽን ለመሰለል አትጠቀሚበት። "ይቺ ትንሽ ነው የሠራችው" ብሎ ካርድ መቁጠር ከተጀመረ ሁሉም ቀላል ቀላሉን ያነሳል፣ ሰሌዳውም ውሸታም ይሆናል። ፎቶም አንስተሽ ቲክቶክ ላይ አትልቀቂ፤ እዚህ አገር የሰውን ቤትና ሰው ያለፈቃድ ማንሳት ያስከስሳል። ለራስሽ ማስታወሻ ከፈለግሽ በደብተር ጻፊ፣ ቀንና የሥራ ሰዓት ብቻ።

ሰሌዳው የማይችለው

ሰሌዳ የአራት ሰው ሥራ ለሁለት ሰው እንዲሆን አያደርግም። ሥራው ከሰዓቱ በላይ መሆኑን ግን በግልጽ ያሳያል። ሦስትና አራት ሳምንት ተከታትሎ "የሚሠራ" የሚለው ካልቀነሰ፣ ችግሩ የእናንተ አሠራር አይደለም። ያኔ ማዳምን በሰሌዳው ፊት አነጋግሩ፤ የሚቀነስ ሥራ አለ ወይስ ሰው ይጨመር?

ሕጉም የራሱ ገደብ አለው። ከታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ቁጥር 9 የ2022፣ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት ይሰጥሻል፤ ከዚህ ውስጥ 8ቱ ሳይቋረጥ ተከታታይ መሆን አለበት። በሳምንት አንድ ቀን ደመወዝ ሳይቆረጥ ታርፊያለሽ። በዕረፍት ቀንሽ ከሠራሽ በምትኩ ሌላ ቀን ወይም ክፍያ ይገባሻል። አል አይን ቅዳሜና እሑድን በሙሉ ከሠራሽ፣ የዕረፍት ቀንሽ ከሰኞ እስከ ዓርብ ካሉት በአንዱ ላይ ተለጥፎ መታየት አለበት። በንግግር ካልተፈታ የሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው ሚኒስቴር፣ ሞህሬ የሚባለው፣ በ80084 ቅሬታና ምክር ይቀበላል።

ብቻሽን የምትሠሪ ከሆነም ይሆናል። ሦስት መስመር፣ በእጅሽ አንድ ካርድ፣ ከላይ ቀይ መስመር። የመጀመሪያውን ሳምንት ሰሌዳውን ብቻ ልመጂ። በሁለተኛው ገደቡን ጨምሪ። በሦስተኛው የዓርቡን ሦስት ጥያቄ። ወር ሲሞላ ሁለት ነገር እዪ፦ ማታ ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? ከአብሮ አደሮችሽ ጋር የምትጨቃጨቂው ቀንሷል? ሁለቱም ካልተለወጡ ገደቡ እየተጣሰ ነው ማለት ነው፤ ሰሌዳው ፊት ቁጭ በሉና የት ላይ እንደሚጣስ ፈልጉ።