በሥራ ቦታ በሴቶች ላይ የሚደርስ ፆታዊ ትንኮሳና የሕግ ጥበቃው

ካርቱም የኖርን ሁሉ እንደምናውቀው፣ እህቶቻችን በብዛት ያገኙት የነበረው ሥራ በሰው ቤት ማገልገል ወይም በመንገድ ዳር ሻይ ማፍላት ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ከተማዋን እስኪበታትን ድረስ በዴም ሰፈር ሥራ የሚገኘው በደላላ ወይም በዘመድ አፍ ነበር። ውል አይጻፍም። ደመወዙ በአሠሪው ፈቃድ ይከፈላል፤ አንዳንዴም መታወቂያዋ በእሱ እጅ ይቀመጣል። ለትንኮሳ በር የሚከፍተው ይህ ነው።

ብዙ ሰው ትንኮሳ ሲባል በጉልበት መድፈር ብቻ ይመስለዋል። ሴቲቱ ሳትፈልግ መነካካት፣ ስለ ገላዋ አጉል ቃል መናገር፣ «ደመወዝሽን የምትፈልጊ ከሆነ ማዳም ስትወጣ ነይ» ማለት፣ እምቢ ስትል ማባረር፣ ሁሉም ትንኮሳ ነው። በ2019 የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 190 ውል ይኑራት አይኑራት ሠራተኛዋን፣ ሥራ ፈላጊዋንም ጭምር ያካትታል። ስለዚህ ሥራ ሳያስገባት የሚፈትናት ደላላም ከዚሁ ይቆጠራል።

ታዲያ የሱዳን ሕግ ምን ይላል? የ1997 የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከወሰኑ ውጪ አድርጓቸዋል፤ በመሆኑም አቤቱታው በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ወንጀል ሕግ ነው። የ1991 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 149 መድፈርን ከዝሙት ጋር አቆራኝቶት ስለነበር፣ የተደፈረች ሴት ማስረጃ ካጣች ራሷ በዝሙት ልትከሰስ ትችል ነበር። በ2015 ትርጉሙ ተሻሻለ፤ በአንቀጽ 151ም ትንኮሳ እስከ ሦስት ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ሆኖ ተጻፈ። አጻጻፉ ግን ግልጽ ስላልሆነ፣ ከሳሿ «ያሳሳትሽው አንቺ ነሽ» እንዳትባል የሚሰጉ አሉ፤ እኛም ስጋቱ ተገቢ ነው እንላለን። ሻይ ሻጮችን ሲያሳድድ የነበረው የካርቱም የሕዝብ ሥነ ሥርዓት ሕግ በኅዳር 2019 ተሽሯል።

አፍ የሚያስዘጋው ከሻ ነው። «ለፖሊስ እነግርብሻለሁ» ሲላት መታወቂያ የሌላት ምን ትበል? ሆኖም ሱዳን በ1974 የተቀበለችው የ1951 የስደተኞች ስምምነት፣ በአንቀጽ 16፣ ስደተኛ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። መብቱና ተግባሩ እንደሚራራቁ አይጠፋንም። ግን ከባዕድ ይልቅ የሚያሳፍረን «ቻይው፣ ሥራ የለም» ብሎ ልጅቷን ወደዚያው ቤት የሚመልሳት የገዛ ወገናችን ነው።

ትንኮሳ የደረሰባት እህት ቀኑን፣ ቦታውንና የተባለውን ቃል ጽፋ ትያዝ፤ ለምታምናት ሴትና በካምፑ ለጥበቃ ክፍል ሠራተኛ ትንገር። ከተደፈረች ግን ክስ መመሥረቱን ሳትወስንም ቢሆን በቶሎ ወደ ክሊኒክ ትሂድ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት፣ እርግዝናን የሚከላከለው በ5 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይበልጥ ይረዳል። የለበሰችውን ልብስ ሳታጥብ በወረቀት ከረጢት ታስቀምጥ።