ጆርናል በሌለበት መረጃን ዲስክ ላይ ማድረስ

ፋይል «ሴቭ» ሲደረግ መረጃው ብዙውን ጊዜ ዲስክ ላይ ገና አልሰፈረም። ሊኑክስ ራም ውስጥ ያቆየውና በተለመደው አሠራሩ 30 ሰከንድ ገደማ ቆይቶ ይጽፈዋል። በዚህ መሐል መብራት ቢሄድ ጉዳቱ የመጨረሻዋን አንቀጽ በማጣት ብቻ አያበቃም። አንድ ፋይል ሲያድግ ይዘቱ፣ የፋይሉ መዝገብና የባዶ ቦታው ካርታ ለየብቻ ይጻፋሉ፤ አንዱ ደርሶ ሌላው ከቀረ የዲስኩ ሒሳብ አይገጥምም።

እንደ ኤክስት3 ያሉት የፋይል ሥርዓቶች ለውጡን አስቀድመው ጆርናል በሚባል ማስታወሻ ላይ ስለሚያሰፍሩ ከአደጋ በኋላ እሱን አንብበው ይነሣሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ኤክስት2፣ እንዲሁም በየፍላሹ የምናገኛቸው ፋት32 እና ኤክስፋት ጆርናል የላቸውም።

ለዚህ ጥንታዊው መላ ተራ መጠበቅ ነው። የበርክሊ ዩኒክስ አንዱ መዝገብ ዲስክ ሳይደርስ ቀጣዩን አይጽፍም ነበር፤ አስተማማኝ ቢሆንም እጅግ ይዘገያል። ግሬጎሪ ጋንገርና ዬል ፓት እ.ኤ.አ. በ1994 «ሶፍት አፕዴትስ»ን አቀረቡ፦ መዝገቦቹ ራም ውስጥ ይቆዩ፣ ግን የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ይያዝ። መዝገቡ ያልተጻፈለት ፋይል ስሙ ማውጫ ውስጥ አይገባም። ከዘርፉ ሐሳቦች ሁሉ እኔ አብልጬ የማደንቀው ይህን ነው፤ ማርሻል ከርክ ማኩዚክም ከጋንገር ጋር ፍሪቢኤስዲ በተባለው ስርዓተ ክወና ውስጥ አስገብቶታል። ኤክስት2 ግን ተራውን ትቶ ፍጥነትን መረጠ፤ ጥገናውን ለኤፍኤስሲኬ ተወለት። ኤፍኤስሲኬ የዲስኩን መዝገቦች ሁሉ አስሶ ሒሳቡን ያስተካክላል፤ ያልተጻፈ ይዘት ግን ከየትም አያመጣም።

ስለዚህ ሸክሙ ፕሮግራም ጸሐፊው ላይ ይወድቃል። አዲሱን ይዘት በጊዜያዊ ፋይል ጽፎ፣ ራም ውስጥ ያለው ዲስክ ላይ እንዲጻፍ የሚያስገድደውን ኤፍሲንክ መጥራት፣ ከዚያ ስሙን መቀየር፣ ቀጥሎ ማውጫውንም ኤፍሲንክ ማድረግ ይገባዋል። የመጨረሻውን ብዙዎች ይረሱታል። ጆርናል በሌለበት የስም ቅየራው ራሱ መሐል ላይ ሊቋረጥ ስለሚችል የቀድሞውን ቅጂ በሌላ ስም ማቆየት ይበጃል። ዲስኩም የራሱ ጊዜያዊ ማከማቻ አለው፤ ማክ ላይ ተራው ኤፍሲንክ እሱን አያስለቅቅም፣ ኤፍ-ፉልኤፍሲንክ የሚባለው ለብቻው መጠራት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2018 የዳታቤዙ የፖስትግሬስኪውኤል ባለሙያዎች ያስተዋሉት ደግሞ ከሁሉ ያሳስባል፦ ሊኑክስ ላይ ኤፍሲንክ አንዴ ከከሸፈ በኋላ ቢደገም፣ ያልተጻፈውን እንደተጻፈ ቆጥሮ «ተሳክቷል» ሊል ይችላል። ኤፍሲንክ ስሕተት ከመለሰላችሁ ጥሪውን ብቻ አትድገሙ፤ መረጃውን ከምንጩ እንደገና ጻፉት።