በገዳሪፍ ቤት ገዝቶ ማከራየት፦ ጥቂት ጥሪት ያለው ሰው ከመግዛቱ በፊት ምን ሊያጣራ ይገባል?

የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም ካርቱም ውስጥ ሲቀሰቀስ፣ በምሥራቅ የምትገኘው ገዳሪፍ ከተማ የበርካታ ሸሺዎች መጠጊያ ሆነች። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም ዋድ መዳኒ፣ በሰኔ 2016 ዓ.ም ደግሞ ሲንጃ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ (አርኤስኤፍ) እጅ ሲወድቁ የተፈናቃዩ ቁጥር ይበልጥ ጨመረ። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ፤ የሚከራይ ክፍል ብርቅ ሆነ፤ የቤት ኪራይም አሻቀበ።

ገዳሪፍ ከመተማ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ የምትገኝ በመሆኗ፣ በንግድና በጉልበት ሥራ ለዓመታት የኖሩባት ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። ከእነርሱም ሆነ ከሱዳናውያን ጎረቤቶቻቸው መካከል ጥሪት የቋጠረ ሰው ሊያነሳው የሚችል ጥያቄ አለ፦ ገንዘቡ በእጅ እያለ ዋጋ ከሚያጣ፣ ቤት ገዝቶ ማከራየት አይሻልም ወይ?

መልሱን የሚወስነው ዛሬ የሚከፈለው ኪራይ ሳይሆን፣ ተፈናቃዩ ወደ ቀዬው ሲመለስ የሚቀረው ኪራይ ነው።

የዛሬው ኪራይ ይዘልቃል?

የሱዳን ጦር በኅዳር 2017 ዓ.ም ሲንጃን፣ በጥር ዋድ መዳኒን፣ በመጋቢት ደግሞ ካርቱምን መልሶ ተቆጣጥሯል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋማት በሐምሌ 2017 ዓ.ም ባወጡት መግለጫ፣ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሱዳናውያን ወደ መኖሪያቸው መመለሳቸውን አስታውቀዋል። ተመላሹ በበረከተ ቁጥር ጦርነቱ በገዳሪፍ የፈጠረው የቤት ፍላጎት ይቀንሳል።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው የከተማዋ ነባር ተከራይ ነው፦ የማሽላና የሰሊጥ ነጋዴ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና በአረምና በአጨዳ ወቅት የሚመጣ የቀን ሠራተኛ። ገዢው ሒሳቡን መሥራት ያለበት በእነዚህ ሰዎች አቅም ነው።

ለአብነት ያህል፣ የአንድ ቤት ዋጋ 100፣ ወርኃዊ ኪራዩ ደግሞ 1 ነው እንበል። በዓመት 12 የሚገኝ ይመስላል። ነገር ግን ቤቱ ሁለት ወር ባዶ ቢቆይና የአንድ ወር ኪራይ ለእድሳት ቢውል፣ በእጅ የሚቀረው 9 ነው። የቤቱ ዋጋ በ11 ዓመት ገደማ ይመለሳል ማለት ነው።

ኪራዩ በግማሽ ቢወርድስ? የእድሳት ወጪው አብሮ ስለማይወርድ፣ የዓመቱ ገቢ ወደ 4 ዝቅ ይላል። የመመለሻው ጊዜም ወደ 25 ዓመት ይረዝማል። ኪራይ በግማሽ ሲቀንስ ትርፍ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ብዙ ጀማሪ አከራዮች የሚረዱት ዘግይተው ነው።

ግድግዳው ምን ይናገራል?

ገዳሪፍ የሱዳን የእህል ጎተራ ከሚባሉት አካባቢዎች አንዷ እንድትሆን ያደረጋት ጥቁር አፈር፣ ለቤት ሠሪ ግን አስቸጋሪ ነው። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሠረቱ ጥልቀት የሌለው ቤት ከአፈሩ ጋር ይነሳል፣ ይወርዳል።

ስለዚህ ገዢ ቤቱን ቢቻል በሁለቱም ወቅቶች ሊያየው ይገባል። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ ወደ ጎን የሚወጣ ስንጥቅ፣ በቅርቡ ብቻውን የተለሰነ ግድግዳ፣ አልዘጋ ያለ በር፦ እነዚህ ሁሉ መሠረቱ መንቀሳቀሱን ሊያመለክቱ ይችላሉ። የዝናብ ውኃ ከግድግዳው ሥር እንዳይተኛ የሚያደርግ ቦይ መኖሩም መታየት አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ የመጠጥ ውኃ ነው። ከተማዋ ለረጅም ዘመን በውኃ እጥረት ስትቸገር ኖራለች። ቧንቧ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ከሻጩ ይልቅ ጎረቤትን መጠየቅ ይመረጣል። ተከራይ ለውኃ የሚያወጣውን ገንዘብ ከኪራዩ ጋር ደምሮ እንደሚያስብ መዘንጋት የለበትም።

በማን ስም?

በሱዳን የመሬት ምዝገባ ሥርዓት መሠረቱ የ1925ቱ (እ.አ.አ) ሕግ ነው። በ1970 (እ.አ.አ) የወጣው ሕግ ደግሞ ያልተመዘገበን መሬት የመንግሥት አደረገ። በከተማ ዳርቻ በምስክሮች ፊርማ ብቻ የሚሸጥ ቦታ አደጋውም ከዚህ ይመነጫል፦ ገዢው የሚይዘው በመዝገብ የሌለ ባለቤትነት ሊሆን ይችላል።

ዋናው ማስረጃ ከመሬት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት የሚወጣውና በአረብኛ «ሸሃደት በህስ» የሚባለው ሰነድ ነው። ባለቤቱ ማን እንደሆነና በንብረቱ ላይ እዳ ወይም እገዳ መኖሩን ያሳያል። ሻጭ በኪሱ ይዞት የመጣውን አሮጌ ቅጂ ከማመን፣ ለሽያጩ ሲባል አዲስ ማውጣት ይገባል።

ጦርነቱ ባለንብረቶችን በየአገሩ በመበተኑ፣ በውክልና የሚሸጥ ቤት ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። ውክልናው መሸጥን በግልጽ መፍቀዱና ወካዩ በሕይወት መኖሩ መጣራት አለበት። የውርስ ቤት ከሆነ ደግሞ ሁሉም ወራሾች መስማማታቸው በፍርድ ቤት ሰነድ ይረጋገጥ፤ የአንድ ወንድም ፊርማ የእህቶቹን ድርሻ አይሸጥም።

ለኢትዮጵያውያን ትልቁ ፈተና በሱዳናዊ ወዳጅ ወይም የሥራ ባልደረባ ስም መግዛት ነው። መተማመኑ እውነተኛ ቢሆንም፣ መዝገቡ የሚያውቀው ስሙ የሰፈረበትን ሰው ነው። ያ ሰው ቢሞት ቤቱን የሚጠይቁት ልጆቹ ናቸው። የውጭ ዜጋ በስሙ ማስመዝገብ ይችል እንደሆነ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ጠበቃ ማማከር አለበት።

በኢትዮጵያ በኩልም ገደቡ ተመሳሳይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክል ነበር። በሰኔ 2017 ዓ.ም የጸደቀው አዋጅ በሩን ቢከፍትም፣ ዝቅተኛውን መዋዕለ ንዋይ 150 ሺህ ዶላር አድርጎታል።

ውሉ እንዴት ይጻፍ?

ከጦርነቱ በፊት አንድ ዶላር በ600 የሱዳን ፓውንድ ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በ2017 ዓ.ም በትይዩ ገበያው ከ2,000 አልፏል። በፓውንድ ለረጅም ጊዜ የተቆረጠ ኪራይ በአከራዩ እጅ ይሟሟል። በየወሩ የሚጨምር ኪራይ ደግሞ ገቢው ያልጨመረውን ተከራይ ያስለቅቃል፤ ባዶ ቤትም ያስቀራል። ዋጋው በየስንት ወሩና በምን መነሻ እንደሚከለስ አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ለሁለቱም ይበጃል።

ጥሪቱን ወደ ኢትዮጵያ የሚያዞር ሰው ሕጉ ተከራይን አጥብቆ እንደሚጠብቅ ይወቅ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። የቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም።

ምን ያህሉን ገንዘብ?

ገዳሪፍ ከጦርነቱ ሙሉ በሙሉ አልራቀችም፤ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም የድሮን ጥቃት ደርሶባታል። በመሆኑም ተበድሮ ወይም ያለውን ሁሉ አውጥቶ ቤት መግዛት ቤተሰብን ለከፋ አደጋ ያጋልጣል። ሰነዱ የጸና ቤት ላለው ሰው፣ በራሱ ግቢ አንድ ክፍል ጨምሮ ማከራየት ከአዲስ ግዢ ያነሰ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የባለቤትነት ጥያቄም አያስነሳም።

ቤት ለሌለው ደግሞ የመጀመሪያው ወጪ ቀብድ ሳይሆን የጠበቃና የሰነድ ማጣሪያ ክፍያ ሊሆን ይገባል። ማጣሪያው ግዢውን ቢያስቀር እንኳ፣ ጥሪቱ በባለቤቱ እጅ ይቀራል።