ተጨማሪ መረጃ፦ ቃልን ከነቤተሰቡ ማጥናት

በጎጃም የደብረ ወርቅ ተማሪ ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የእንግሊዝኛ ቃላት ሲያጠና፣ ከመዝገበ ቃላት የተገለበጠ ረጅም ዝርዝር ከመሸምደድ የተሻለ መንገድ አለው፦ ቃሉን ከነቤተሰቡ ማጥናት። መንገዱ ለጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶች አዲስ አይደለም፤ ደቀ መዝሙሩ ግሱን ይዞ እርባ ቅምሩን ያወጣል፣ ከአንድ ሥር ብዙ ቃል ያገኛል። የዘመኑ ጥናትም ይህንኑ ይደግፋል። ተመራማሪዋ አቨሪል ኮክስሄድ በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የአካዳሚ ቃላት ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦችን ብቻ ይዞ በትምህርታዊ ጽሑፎች ከሚገኙት ቃላት 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል። ለምሳሌ «አናላይዝ» የሚለውን ግስ ያወቀ ተማሪ «አናሊሲስ» ስም፣ «አናሊቲካል» ቅጽል መሆኑን ለመለየት አይቸገርም።

«ጊዜው አጭር ነው፤ ሽምደዳ ይፈጥናል» የሚሉ አሉ። ሽምደዳ ለጅማሬ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ፈተናው ቃሉን በዐረፍተ ነገርና በምንባብ ውስጥ አስገብቶ ስለሚጠይቅ፣ ፍቺውን ብቻ የያዘ ተማሪ በተቀራራቢ አማራጮች መካከል ይዋልላል። «የሚነበብ መጽሐፍ የለንም» ለሚሉም መልስ አለ፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የባዮሎጂና የታሪክ መማሪያዎች የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ከየምዕራፉ የተደጋገመውን ቃል መርጦ፣ ቤተሰቡን ከነዐረፍተ ነገሩ በደብተር አስፍሮ፣ በየሳምንቱ መከለስ ያለ ተጨማሪ ወጪ ዛሬውኑ የሚጀመር ጥናት ነው።