የዲናሞ ሬጉሌተር፦ ከውጭ የሚገጠመው ተቆጣጣሪ

በተለምዶ ዲናሞ የሚባለው የመኪና አልተርኔተር በሞተሩ ቺንጋ እየተሽከረከረ ባትሪውን የሚሞላ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነው። በውስጡ የሚዞረው ክፍል፣ ማለትም ሮተሩ፣ በሁለት ካርቦኖች በኩል በሚደርሰው ኮረንት ማግኔት ይሆንና በዙሪያው ባለው ቋሚ የሽቦ ጥቅል ላይ ተለዋዋጭ ኮረንት ያመነጫል፤ ይህንንም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት ዳዮዶች ወደ ቀጥተኛ ኮረንት ይለውጡታል።

የሞተሩ ፍጥነት ሲቀያየር ቮልቴጁም አብሮ እንዳይዋዥቅ የሚጠብቀው ሬጉሌተር ነው። ሬጉሌተሩ የሚቆጣጠረው ከዲናሞው የሚወጣውን ብዙ አምፔር ሳይሆን ወደ ሮተሩ የሚገባውን ጥቂት አምፔር ነው። በባለ 12 ቮልት መኪና ላይ ቮልቴጁ በአብዛኛው ከ13.8 እስከ 14.5 ሊሆን ይገባል፤ ከዚህ ካነሰ ባትሪው ሳይሞላ ይደክማል፣ ከ15 ካለፈ ደግሞ በአሲዱ ውስጥ ያለው ውኃ ወደ ጋዝነት እየተለወጠ ያልቃል።

ክራይስለር በ1960 በቫሊያንት መኪናው ላይ አልተርኔተር ሲያስገባ ሬጉሌተሩ ለብቻው የተገጠመ ሳጥን ነበር፤ በ1980ዎቹ ግን ኩባንያው ይህን ሥራ ለሞተሩ ኮምፒውተር ሰጠ። በዚህ ምክንያት ይህን ሥራ የሚሠራው የኮምፒውተሩ ክፍል ብቻ ሲበላሽ መላውን ኮምፒውተር ከመቀየር ይልቅ የ1970ዎቹን ዓይነት ሬጉሌተር ከውጭ መግጠም የታወቀ መፍትሔ ሆኗል።

ከመገጠሙ በፊት የዲናሞውን ዓይነት መለየት ግድ ነው። በአንደኛው ዓይነት አንዱ ካርቦን ፖዘቲቭ ያገኛል፣ ሬጉሌተሩም ሌላውን ወደ ማሳ (ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ወደተያያዘው የመኪናው አካል) በሚወስደው መስመር ላይ ይሠራል፤ በሁለተኛው ዓይነት ግን አንዱ ካርቦን ከማሳ ጋር ስለሚያያዝ ቁጥጥሩ በፖዘቲቩ በኩል ነው። የክራይስለሩ ሬጉሌተር ከአንደኛው ወገን ሲሆን፣ ሰማያዊው ሽቦ በቁልፍ የሚከፈተውን ፖዘቲቭ ከአንዱ ካርቦን ጋር ይካፈላል፣ አረንጓዴው ደግሞ ወደ ሌላው ካርቦን ይሄዳል።

ሥራው የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ በመፍታት ይጀመራል፤ ከኮምፒውተሩ ወደ ካርቦኖቹ የሚመጡት ሽቦዎች ተነጥለው ጫፋቸው ይሸፈናል፣ የሬጉሌተሩ አካል የሚያርፍበት ቦታም ማሳው እንዲጠነክር ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ይገለጣል። ሰማያዊው ሽቦ ቮልቴጅ የሚለካበትም በመሆኑ፣ በላላ ማያያዣ ምክንያት ዝቅ ያለ ቮልቴጅ ካነበበ ሬጉሌተሩ ዲናሞውን ያለ አግባብ ያስገድደዋል።

በመጨረሻም ሞተሩ ተነሥቶ መብራቱ በርቶም ጠፍቶም በባትሪው ጫፎች ላይ ቮልቴጁ ይለካል፤ ከተጠቀሰው ወሰን ከወጣ ሞተሩ ወዲያውኑ መጥፋትና ስሕተቱ መፈለግ አለበት፤ ይህን መለኪያ ያላለፈ ጥገና እንደተጠናቀቀ አይቆጠርም።