ከአፈር ወደ ቅጠል፦ ማጠብ የማያስለቅቀው ብክለት



ብዙዎቻችሁ ወደ እስራኤል ከመምጣታችሁ በፊት መሬት አርሳችሁ የኖራችሁ ናችሁ። ዛሬም በግቢያችሁና በሰፈር ጊና ውስጥ ጎመንና ሽንኩርት የምትተክሉ አላችሁ። «ጨረር ያለበት ብናኝ መሬት ላይ ቢወድቅ አትክልቱ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ከዩክሬን፣ ከቼርኖቢል ይገኛል።

ምን ደረሰ?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1986 በቼርኖቢል የኑክሌር ኃይል ማመንጫው ፈነዳ። ብናኙ በነፋስ ተጓዘ፣ በዝናብ ወረደ፣ ሣር ላይ አረፈ። ላሞች ሣሩን ጋጡ፣ ልጆች ወተቱን ጠጡ። በወተቱ ውስጥ አዮዲን 131 ስለነበረ ከጊዜ በኋላ በርካታ ልጆች አንገት ላይ በሚገኘው የታይሮይድ እጢ ካንሰር ታመሙ። የአዮዲን 131 ኃይል በየ8 ቀኑ በግማሽ ስለሚቀንስ በጥቂት ወራት ውስጥ ጠፋ። ሌሎቹ ግን አፈር ውስጥ ቀሩ።

ተክሉ ለምን ይወስደዋል?

የተክል ሥር ከውሃ ጋር ፖታሲየምና ካልሲየም የሚባሉ ማዕድናትን ይመጣል፤ ያለ እነሱ አያድግም። ሴዚየም 137 ፖታሲየምን ይመስላል፣ ስትሮንቲየም 90 ደግሞ ካልሲየምን። ሥሩም እንደ ምግቡ ቆጥሮ ያስገባቸዋል። ስትሮንቲየም ሰው ሲበላው እንደ ካልሲየም አጥንት ውስጥ ይቀመጣል። የሁለቱም ኃይል በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ያህል ይፈጅበታል።

አፈር ከአፈር ይለያል

ይህንን ገበሬ ያውቀዋል። የሚያጣብቅ የሸክላ አፈር ሴዚየምን አጥብቆ ስለሚይዘው ለሥሩ ብዙ አይደርሰውም። አሸዋማና ረግረጋማ አፈር ግን ይለቀዋል። በጫካ ውስጥ የሚበቅል እንጉዳይም ሴዚየምን በብዛት ይሰበስባል።

ማጠብ ይረዳል?

ቅጠሉ ላይ ያረፈውን ብናኝ ማጠብ ይቀንሰዋል። በሥር የገባው ግን በመታጠብ አይወጣም፤ በዓይን አይታይም፣ በሽታም በጣዕምም አይለይም። የሚታወቀው በመሣሪያ ሲለካ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ አገር መፍትሔውን ከአፈሩ ጀመሩ፦ ሥሩ ከሴዚየም ይልቅ ፖታሲየም እንዲያገኝ የፖታሲየም ማዳበሪያ ጨመሩ፣ ስትሮንቲየሙ እንዲቀንስ ኖራ በተኑ፣ ምርቱንና ወተቱንም ለኩ።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

ይህን የጻፍነው ልናስፈራችሁ አይደለም፤ ጎመናችሁን በሰላም ብሉ። ነገር ግን አንድ ቀን የጨረር ማስጠንቀቂያ ቢሰጥ «አጥቤዋለሁ፣ ንጹህ ነው» አትበሉ። የፒኩድ ሃዖሬፍን መመሪያ ተከተሉ። እስኪፈቀድ ድረስ ደጅ ካለ አትክልት አትቅጠፉ፤ ቤት ውስጥ ተዘግቶ የተቀመጠውን ምግብ ተመገቡ። መመሪያው በዕብራይስጥ ብቻ ከመጣና ካልገባችሁ ልጆቻችሁን ወይም የሰፈራችሁን የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ለመጠየቅ አትፈሩ።