ዶክተሩን መሸኘት

«ዶክተር ሁ» የተባለው የብሪታንያ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ተከታታይ ድራማ በየጥቂት ዓመቱ መሪ ተዋናዩን ይሸኛል፤ ገጸ ባሕርዩ ግን አብሮ አይሄድም። ዶክተር ተብሎ ብቻ የሚጠራው ይህ መንገደኛ ከሌላ ዓለም የመጣ ነው። ከውጭ ሲያዩት የድሮ የፖሊስ ስልክ ሣጥን በሚመስል ሰማያዊ መንኮራኩር በዘመናትና በከዋክብት መካከል ይመላለሳል። ሊሞት ሲቃረብ ገላው ይለወጣል፤ መልኩ፣ ድምፁ፣ ጠባዩ ሌላ ይሆናል፤ ትዝታው ግን አብሮት ይቆያል። ድራማው ይህን ለውጥ «ሪጀነሬሽን» ይለዋል። እናም አድናቂው የሚሰናበተው ዶክተሩን ሳይሆን ለዓመታት የለመደውን ፊት ነው። በዚህ ምክንያት ስንብቱ ይቀልለታል ብሎ የሚያስብ ግን የዚህን ድራማ ተመልካች አያውቀውም።

ድራማው በቢቢሲ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ማግሥት። ፕሮዲዩሰሯ ቬሪቲ ላምበርት ያኔ 27 ዓመቷ ነበር፤ የመጀመሪያውን ታሪክ ያዘጋጀው ዳይሬክተር ዋሪስ ሁሴን ደግሞ ሕንድ ውስጥ የተወለደ ወጣት ነበር። ዶክተሩን እንዲጫወት የተመረጠው ዊሊያም ሃርትኔል 55 ዓመቱን የያዘ፣ በወታደርና በወንጀለኛ ሚናዎች የሚታወቅ ተዋናይ ነው። ነጭ ጸጉር አጥልቆ፣ ቁጡም ርኅሩኅም ሽማግሌ ሆኖ ሲቀርብ ልጆች እንደ አያታቸው ወደዱት።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ ጤናው ከዳው። የደም ሥሮቹ እየደደሩ ሄዱ፤ የሚናገረውንም ይረሳ ጀመር። በዚያን ጊዜ ድራማውን የያዙት ፕሮዲዩሰሩ ኢነስ ሎይድና የታሪክ አርታኢው ጄሪ ዴቪስ ሁለት መንገድ ነበራቸው፤ ድራማውን መዝጋት፣ ወይም ሌላ ሰው ተክተው ተመልካቹ እንዲቀበለው መለመን። እነሱ ሦስተኛ መንገድ አገኙ፤ ዶክተሩ ሰው ስላልሆነ ገላው ሊታደስ ይችላል አሉ። ኦክቶበር 29 ቀን 1966 በታየው ክፍል ሃርትኔል መንኮራኩሩ ውስጥ ወለል ላይ ወደቀ፤ ፊቱ በብርሃን ተዋጠ፤ ብርሃኑ ሲገፈፍ የተጋደመው ፓትሪክ ትራውተን ነበር። ነገሩ ስም እንኳ አልነበረውም፤ ሪጀነሬሽን የሚለው ቃል በድራማው የተሰማው ከስምንት ዓመት በኋላ በ1974 ነው። አንድ የታመመ ሰው በክብር እንዲያርፍ ተብሎ የተፈጠረ ዘዴ ድራማውን ለአሥርት ዓመታት አቆየው።

ትራውተን ሦስት ዓመት ሠርቶ ለቀቀ፤ በኋላም ሚናውን ለተቀበለው ለፒተር ዴቪሰን ከሦስት ዓመት እንዳያልፍ መክሮታል። ጆን ፐርትዊ በ1974 ለመሄዱ አንዱ ምክንያት ሐዘን ነበር። በድራማው ባላንጣው፣ ከካሜራ ውጭ ግን ወዳጁ የነበረው ሮጀር ዴልጋዶ በ1973 ለፊልም ሥራ ቱርክ ሄዶ በመኪና አደጋ ሞተ። ከፐርትዊ በኋላ የመጣው ቶም ቤከር ግን ሰባት ዓመት ቆየ፤ ከዋናዎቹ ተዋንያን ሁሉ ረጅሙ ዘመን የእሱ ነው። ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ አንገቱ ላይ የጠመጠመው ባለ ብዙ ቀለም ሻርፕ መሬት የሚጎተት። በ1974 አምስት ዓመት የሆነው ልጅ፣ ማርች 21 ቀን 1981 ዶክተሩ ከትልቅ አንቴና ላይ ወድቆ ሲለወጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ትምህርት ቤት የገባውና ማንበብ የለመደው ከዚያ ፊት ጋር ነው። ብሪታንያውያን አድናቂዎች «የእኔ ዶክተር» የሚሉት አባባል አላቸው፤ ከሁሉ የሚበልጠውን ማለታቸው ሳይሆን በልጅነታቸው ያገኙትን ማለታቸው ነው። ከተዋናዩ ጋር የሚሸኘው የራሳቸው ዕድሜም ነውና ሐዘኑ ከመዝናኛ ያልፋል።

ተመራማሪዎች ይህን ስሜት ካጠኑት ቆይተዋል። ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ምሁራን በ1956 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ተመልካች በቴሌቪዥን ዘወትር ከሚያየው ሰው ጋር የወዳጅነት ትስስር እንደሚያበጅ አስረድተዋል፤ ትስስሩ የአንድ ወገን ነው፤ ያኛው ሰው ተመልካቹን አያውቀውም። የሃይፋ ዩኒቨርሲቲው ጆናታን ኮኸን ደግሞ በ2004 እስራኤላውያን ተመልካቾችን የሚወዱት ገጸ ባሕርይ ከቴሌቪዥን ቢጠፋ ምን እንደሚሰማቸው ጠየቀ። በቅርብ ሰው መተው በጣም የሚያስጨንቃቸው ሰዎች የገጸ ባሕርይው መጥፋትም አብልጦ እንደሚከብዳቸው አገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከኬረን ኤያል ጋር ባሳተመው፣ «ፍሬንድስ» የተባለው ድራማ ሲያበቃ በተደረገው ጥናት ሐዘኑ ከእውነተኛ መለያየት የቀለለ፣ በዓይነቱ ግን የሚመስለው ሆኖ ተገኘ። ለተዋናይ የሚያለቅስን ሰው መሳቂያ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

ሐዘን ደግሞ ሥርዓት ይፈልጋል። የዶክተሩ አድናቂዎች አንድ ጊዜ ሥርዓቱን ተነፍገዋል፤ ያም እስከ ዛሬ የሚቆረቁራቸው ነው። በ1986 የቢቢሲ ኃላፊዎች ስድስተኛው ዶክተር ኮሊን ቤከር እንዲነሣ ወሰኑ። ተባረህ ስታበቃ ለመለወጫው ተመለስ ሲባል እምቢ አለ፤ ማንስ ይፈርድበታል? ስለዚህ በሴፕቴምበር 1987 አዲሱ ተዋናይ ሲልቬስተር ማኮይ ራሱ የቤከርን የመሰለ ወርቃማ ሰው ሠራሽ ጸጉር አጥልቆ በደረቱ ተጋደመ፤ ገለበጡት፤ ፊቱ በብርሃን ተሸፍኖ ተለወጠ። በቃ። የመጨረሻ ቃል የለ፣ የሚሰናበት ዓይን የለ። አድናቂው እርሙን ሳያወጣ ሌላ ሰው ቀረበለት። ድራማው ራሱም በ1989 ያለ ስንብት ተቋረጠ። የቤከርን ዕዳ የከፈሉት አድናቂዎች ናቸው። ከመካከላቸው የወጡ ሰዎች ያቋቋሙት ቢግ ፊኒሽ የተባለ የድምፅ ድራማ አዘጋጅ ድርጅት ከ1999 ጀምሮ የቀድሞዎቹን ዶክተሮች እየጠራ ሲያሠራ ቆይቶ፣ በ2015 ለኮሊን ቤከር ዶክተር የመጨረሻ ታሪክ ሠራለት። ከተባረረ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ድራማው በ2005 በራስል ቲ ዴቪስ ጸሐፊነት ሲታደስ ክሪስቶፈር ኤክልስተን 13 ክፍሎችን ብቻ ሠርቶ ሄደ። በምትኩ የመጣው ዴቪድ ቴናንት ነው። ቴናንት በልጅነቱ ይህንኑ ድራማ እያየ ተዋናይ ለመሆን የወሰነ ሰው ነው። መልቀቁን ያሳወቀው ኦክቶበር 29 ቀን 2008፣ ሃርትኔል በተለወጠ ልክ በ42ኛ ዓመቱ ነበር። በስትራትፎርድ ሐምሌትን እየተጫወተ ስለነበር በትያትሩ እረፍት ሰዓት በቀጥታ ሥርጭት ቀርቦ የብሔራዊ ቴሌቪዥን ሽልማቱን ተቀበለ፤ እግረ መንገዱንም ተሰናበተ። ተመልካቹ ለመዘጋጀት አሥራ አራት ወር አገኘ።

የመጨረሻው ክፍል በጃንዋሪ 1 ቀን 2010 ሲታይ በብሪታንያ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተከታተሉት። ዶክተሩ ለሞት የሚያበቃ ጨረር ከወሰደ በኋላ ወዲያው አልተለወጠም። አብረውት የተጓዙትን አንድ በአንድ ዞሮ አየ፤ አንዷን ከሩቅ፣ ሌላውን በዝምታ፣ የሌላዋን ሠርግ ከደጅ ሆኖ። ከዚያ ወደ መንኮራኩሩ ተመልሶ መሄድ እንደማይፈልግ ተናገረና ተቃጠለ። ስንብቱ ተንዛዛ ያሉ ሃያሲዎች ነበሩ። በታሪክ አወራረድ ሚዛን ልክ ናቸው፤ እንደ ሽኝት ግን ከዚያ የተሻለ አልተሠራም። ሰው የሚወደውን ሲሸኝ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መንገዱ፣ ከመንገዱም እስከ ማዶ ይከተላል። ዴቪስ ይህን ያውቅ ነበር፤ በዚያ ምሽት እሱም ድራማውን እየለቀቀ ነበርና።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ስንብቶች ሁሉ ከዚህ ጋር ይመዘናሉ። ማት ስሚዝ በ2013 የገና ዕለት ሲሸኝ ለፊልም ሥራ ጸጉሩን ተላጭቶ ስለነበር ሰው ሠራሽ ጸጉር አጥልቆ ነበር፤ ልትሰናበተው የተመለሰችው የቀድሞ የጉዞ ጓደኛው ካረን ጊላንም እንዲሁ። ሁለት የተላጩ ሰዎች በተዋሱት ጸጉር መሰናበታቸውን የሚያውቅ ተመልካች እንኳ እንባውን አልቆጠበም። ፒተር ካፓልዲ በ15 ዓመቱ ለ«ሬዲዮ ታይምስ» መጽሔት ስለ ድራማው የጻፈው ደብዳቤ በ1974 ታትሞለታል፤ በ2017 ሚናውን ሲለቅ የሚሰናበተው የራሱንም ልጅነት ነበር። ጆዲ ዊትከር ሚናውን በመሪነት የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆና በ2022 ተሸኘች። ኪጋሊ ተወልዶ ስኮትላንድ ያደገው ንኩቲ ጋትዋ ደግሞ ድራማውን በመሪነት የያዘ የመጀመሪያው ጥቁር ተዋናይ ሲሆን ሜይ 31 ቀን 2025 ተሰናብቷል።

ሞት እውነተኛ ሲሆን ግን ብርሃንም ለውጥም የለም። በፌብሩዋሪ 2011 ለአርባ ዓመታት የዶክተሩን ወዳጅ ወታደር የተጫወተው ኒኮላስ ኮርትኒ ሞተ፤ በኤፕሪል 19 ደግሞ ሳራ ጄን ስሚዝ የተባለችው ተወዳጅ ጋዜጠኛ ሆና የተጫወተችው ኤሊዛቤት ስላደን በ65 ዓመቷ በካንሰር አረፈች። ስላደን በዚያን ጊዜ የራሷ የልጆች ድራማ ስለነበራት ልጆች የእውነት ሞት ሊነገራቸው ግድ ሆነ። ቢቢሲ በልጆች ጣቢያው የመታሰቢያ ዝግጅት አቀረበ። ለኮርትኒ የተደረገው ደግሞ በታሪኩ ውስጥ ነው፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር በታየው ክፍል ዶክተሩ ወዳጁ ወደሚጦርበት ቤት ስልክ ሲደውል ማረፉን ሰማ። በዘመናት መካከል የሚመላለሰው ሰው መርዶ ተቀብሎ ዝም አለ።

በሌላው ታላቅ ሳይንሳዊ ድራማ፣ በ«ስታር ትሬክ»፣ ስፖክን የተጫወተው ሊዮናርድ ኒሞይ በፌብሩዋሪ 27 ቀን 2015 በ83 ዓመቱ ሲሞት አድናቂዎች የሚሸኙበትን መንገድ ራሳቸው ፈለጉ። ካናዳውያን በአምስት ዶላሩ ብር ላይ ባለው የጥንቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሎሪዬ ምስል ላይ የስፖክን ጸጉርና ሹል ጆሮ ሣሉ፤ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክም ድርጊቱ በሕግ ባይከለከልም እንደማይደግፈው አስታወቀ። ጠፈርተኛው ቴሪ ቨርትስ ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ መስኮት ጣቶቹን በስፖክ ሰላምታ ከፍቶ ፎቶ አንሥቶ ላከ።

የመጀመሪያው ሽኝት፣ ሃርትኔል የወደቀበት የ1966ቱ ክፍል፣ ዛሬ በቢቢሲ መዝገብ ቤት የለም። ድርጅቱ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ብዙ ቅጂዎችን ደምስሷል ወይም ጥሏል። ድምፁ ግን አለ፤ በየቤታቸው የቴፕ መቅጃ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አስጠግተው የቀዱት ተመልካቾች አድነውታል፤ በ2013ም ድምፁ በተሣለ ምስል ታጅቦ ታትሟል። ከፊልሙ የተረፈው ዋናው ቁራጭ ደግሞ ብሉ ፒተር የተባለ የልጆች ዝግጅት በ1973 ቆርጦ ያሳየው ነው፤ የሃርትኔል ፊት በብርሃን ውስጥ የትራውተን ፊት ሲሆን የሚታይባቸው ጥቂት ሴኮንዶች።